ጉባና ጉባኤ

«ጉባ ድረስ መጥቼ ሳልሰበስብ ልመለስ?» አሉኝ ጋሼ።

«ጉባ ድረስ ሳይመጡም መሰብሰብ ይቻል ነበር» አልኳቸው።

ተረባችን በዚህ ተጀመረ። ቦታው ማንኩሽ ነው፤ የጉባ ወረዳ ከተማ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች፤ ጥላ ሥር የተቀመጠውም ሰው ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። እኔ በራሴ ጉዳይ ነበር የሄድኩት። ጋሼ ግን 7 ሰው ሆነው በ3 መኪና ከአዲስ አበባ የመጡት የአየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ሊመሩ ነው። መሥሪያ ቤታቸውን አልጠራም። እሳቸው የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ እኔን አቅፈው ያሳደጉኝ። ስለዚህ የምንወራወረው የዘመድ ተረብ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ለጨዋታ ብሎ የተናገረ ከሁለታችን አልነበረም።

ቡናው እስኪደርስ ዓይኔ ማዶ የቆሙት መኪኖች ላይ አረፈ። የመሃለኛው ሞተር አልጠፋም። ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቶ፣ ወንበሩን ለጥጦ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ተኝቷል። አልፈርድበትም፤ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ነው የመጣው። ከመኪናው ሆድ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ አቧራውን አርሶ ሰፌድ የሚያህል ጭቃ ሠርቷል። አንዲት ፍየል የፊት እግሮቿን አጥፋ ትልሰዋለች። ቡና የምታፈላው ሴት ሁለት ጊዜ አባረረቻት፤ ሁለቴም ተመለሰች።

«ያ ሞተር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?»

«ከመጣን።»

«መቼ መጣችሁ?»

«አራት ሰዓት ላይ።»

«ታዲያ ግንዛቤውን መጀመሪያ መጨበጥ ያለበት ማን ነው?»

ጋሼም አልተኙልኝም። «እኛም ዝም ብለን አልመጣንም» አሉ። «ዘንድሮ የፕላስቲክ ውኃ አስቀርተናል። ወረቀት አላባዛንም፤ ጽሑፉን በቴሌግራም ነው የምንልከው። ባነሩም የአምናው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለጠፍንበት።»

«መልካም አድርጋችኋል። ግን ጋሼ፣ ኩንታሉን ትታችሁ ግራሙን ነው የቀነሳችሁት።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። እዚህ ላይ አስቆሙኝ። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ አንድ ኪሎ ሳይሞላ ጭሱ እንዴት ይከብደዋል? ጥያቄው የሚገባ ነው። የናፍጣው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ይጣበቃል፤ ክብደቱ የሚጨምረው ከዚያ ነው። እንግዲህ መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ትጠጣለች እንበል። ሹፌሩን ኋላ ስጠይቀው ከዚያም በላይ ነው ብሎኛል። ደርሶ መልስ 1,400 ኪሎ ሜትር 168 ሊትር ይፈጃል፤ ጭሱ 450 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ኩንታል ተኩል። በሦስቱ መኪና 13 ኩንታል ተኩል። የውኃው ጠርሙስ ግን በግራም የሚቆጠር ነገር ነው።

«እስቲ ተወኝ!» አሉ። «የኢትዮጵያ ጭስ ምን አላት? ዓለምን ያጠቆሩት ሌሎች፣ የምንወቀሰው እኛ?»

«የኢትዮጵያስ ትንሽ ናት። ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ለሕዝቡ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 2 ኩንታል አይሞላም። እናንተ 13 ኩንታል ተኩሉን ለ7 ተካፈሉት። እያንዳንዳችሁ በዚህ አንድ ጉዞ የዓመት ድርሻችሁን ጨርሳችኋል። ድሃው የጉባ ገበሬ ነው እንጂ የእናንተ መኪና አይደለም፤ በእሱ ድህነት አትከለሉ።»

ፊታቸው ጠቆር አለ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ትንሽ ደነገጥሁ፤ የተናገርኩት ግን እውነት ስለሆነ አልመለስኩትም። በየዓለም መድረኩ ላይ ኢትዮጵያ «ያላጨስነውን እየከፈልን ነው» ስትል ልክ ናት፤ ዝናቡ ሲዛባ የሚራበው ያላጨሰው ገበሬ ነው። ያ አቤቱታ ግን የገበሬው ነው። ተሰብሳቢው ተውሶ ሊለብሰው አይገባም።

«ታዲያ በእግራችን እንምጣ?»

«በአንድ መኪና ኑ። 13 ኩንታል ተኩሉ ወዲያው 4 ተኩል ይሆናል።»

«አለቃና ሠራተኛ ተጨናንቀው?»

«አባቴን ልትድሩ በአንድ ላንድሮቨር 11 ሆናችሁ ነው የሄዳችሁት፤ ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህችን ዝም ብለው አሳለፏት። ቡናው ተቀዳ። ጋሼ አንድ ፉት አሉና በሌላ በኩል መጡ። «የሚቀጥለው መድረክ አሶሳ ነው። እሱ ደግሞ በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ እኔ ብሄድም ባልሄድም ይበራል።»

«ዛሬ ይበራል። ወንበሩ በየሳምንቱ ባዶ ከሆነ ግን አየር መንገዱ ምልልሱን ይቀንሳል። ‹እኔ ባልሄድም ይበራል› የሚሉት ሰዎች ተደምረው ናቸው አውሮፕላኑን የሚሞሉት።»

«እንግዲያው አሁን ዋናውን ልንገርህ» አሉ፤ ሲኒያቸውን አስቀምጠው። «ስብሰባ ማለት ዓይን ለዓይን መተያየት ነው። ምስክሩ ይኸው የተቀመጥክበት ወረዳ! በዓባይ ግድብ ጉዳይ መጋቢት 14 ቀን 2007 ካርቱም ላይ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ አልሲሲና አልበሽር የፈረሙት ተገናኝተው ነው። በስክሪን ቢሆን ይፈርሙ ነበር?»

ጠንካራ ክርክር ነው። ሰው የሰውን ዓይን አይቶ ነው የሚተማመነው፤ ሽምግልናም በስልክ አይያዝም። ለፊርማው ልክ ነዎት አልኳቸው። ግን ነገሩ በፊርማው አላበቃም። በ2012 ዋሽንግተን ላይ በአካል ተመላለሱ፤ የመጨረሻው ስምምነት አልተፈረመም። ከዚያ ኮሮና መጣና ሰማዩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሦስቱ አገሮች የውኃ ሚኒስትሮች በየቢሯቸው ሆነው በቪዲዮ ድርድሩን ቀጠሉ፤ በእኛ በኩል ስለሺ በቀለ ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን በጊዜው የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር የነበሩት የደቡብ አፍሪካው ሲሪል ራማፎሳ መሪዎቹን በስክሪን ሰበሰቡ። ሐምሌ 14 ደግሞ እንደገና። በዚያው ሐምሌ የግድቡ የመጀመሪያ ዙር ሙሌት ተጠናቀቀ። ስምምነቱስ? አልተፈረመም። በ2013 መጋቢት መጨረሻ ኪንሻሳ ድረስ በአካል ሄዱ፤ አልተፈረመም። ከነሐሴ 2015 እስከ ታኅሣሥ 2016 ካይሮና አዲስ አበባ እየተመላለሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አልተፈረመም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ መተያየት ብቻውን የሚያስማማ ቢሆን ስንቴ ተስማምተው ነበር። የተለያዩት በውኃው ነው፤ ስክሪኑ ምን አደረገ? ደግሞ እነሱ በአካል ቢሄዱ አልቃወምም። የአገር ዕጣ ለሚወሰንበት ጠረጴዛ አውሮፕላኑም ጭሱም ይገባል። ግን ዓባይን የሚያህል ነገር በስክሪን ከተነጋገሩበት፣ የእናንተ የ6 ወር ሪፖርት ምን ሆኖ ነው በስክሪን የማይሰማው?»

«ለግድቡ ምረቃስ?» አሉ፤ ገና አልተሸነፉም። «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እዚሁ ጉባ የኬንያው መጡ፣ የሶማሊያው መጡ፣ የጅቡቲው፣ የደቡብ ሱዳኑ፣ ከባርቤዶስ እንኳ ሚያ ሞትሊ መጡ! ያውም አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በተከፈተ ማግስት። ለእነሱ ሲሆን ጭሱ አይታይህም?»

«ይታየኛል። ግን ያ ቀን ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ጀምሮ 14 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሠርግ ነው፤ ሠርግ ደግሞ ሄደው ነው የሚበሉት። የእናንተ ግን በየሩብ ዓመቱ ነው። በየሩብ ዓመቱ የሚያገባ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ኔትወርክ የለም!» አሉ በመጨረሻ፤ ሁሉም የሚሸሸግበትን ጫካ አገኙ።

«ጋሼ፣ ወረዳኔትን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። መንግሥት ወረዳዎቹን በሳተላይት አገናኝቶ በቪዲዮ ላሰባስብ ካለ 20 ዓመት አልፏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆች ፊዚክስና ሒሳብ በፕላዝማ ተምረዋል። ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የክልል ባለጉዳይን አዲስ አበባ ሳያመላልሱ በፕላዝማ ችሎት ሰምተዋል። ለአንድ ገበሬ ክርክሩ ንብረቱ ነው፤ በስክሪን ተከራክሯል። ለመሆኑ እናንተ ቢሮ ፕላዝማ የለም?»

«አለ።»

«የት?»

«መጋዘን።»

«ይሠራል?»

«ጨርቅ ለብሷል» አሉና ወደ ፍየሏ ዞሩ።

«መብራት ሲጠፋስ?» ብለው ጨመሩ። ለዚህ እኔ አልመለስኩም። የመለሰችው ቡና የምታፈላው ሴት ናት። ጀበናውን እንደያዘች፣ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ መብራቱ ከእኛ ወደ እናንተ ይሄዳል፤ እናንተ ደግሞ ከዚያ ወደ እኛ ትመጣላችሁ። ስብሰባውን በመብራቱ መንገድ አትልኩትም?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያነበብኩት ሁሉ የእሷን ያህል አልገባልኝም። ከዚህ ወረዳ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይገባል። ግድቡ በ13 ተርባይን እስከ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ነው። ጋሼ የግድቡን ኮንክሪት አነሱብኝ፤ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው፣ ሲሚንቶ አያጨስም ወይ አሉ። ያጨሳል። ያ ጭስ ግን አንዴ ወጥቷል፤ የተከፈለ ዕዳ ነው። የተከፈለበትን ብርሃን ትቶ ለእያንዳንዱ ስብሰባ አዲስ ናፍጣ ማንደድ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመጣ ነው። በከሰል ኃይል የሚሠራ አገር ስክሪን ሲከፍት እንኳ የሚያጨሰው አለው፤ እኛ ስንከፍት የሚሽከረከረው ዓባይ ነው።

ሴትዮዋ ግን ሌላም ነገር ተናግራለች፤ ሳትለው። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ለእሱ ስክሪን ይበቃዋል ብል እዋሻለሁ። ገበሬውን ማግኘት የፈለገ ቀዬው ድረስ መሄድ አለበት፤ ጥያቄው ማን ይሂድ ነው።

«ከ7ታችሁ ጉሙዝኛ የሚችል አለ?»

«የለም። አስተርጓሚ ከግልገል በለስ ይዘናል።»

«እንግዲያው አስተርጓሚው ብቻውን ይበቃ ነበር።»

ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ስለ ጭሱ ብዙ ታውቃለህ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ልንገርህ። ከእኔ ጋር የመጣችው ልጅ፣ ያቺ ማስታወሻ የምትይዘው፣ የቤት ኪራይዋን የምትከፍለው ከውሎ አበል ነው። ደመወዟ ወሩን አያጋምስላትም። መስክ ስትወጣ አልጋ ርካሹን ይዛ፣ ምሳ ዘልላ፣ የቀረውን ቋጥራ ትመለሳለች። ስብሰባውን በስክሪን አድርጌ አበሉን ባስቀርባት የምትበላው ምንድን ነው? ካርቦን?»

ለዚህ ተረብ አልነበረኝም። ልጅቷን አየኋት፤ ከጥግ ተቀምጣ ስልኳን ከነቻርጀሩ ይዛ ሶኬት ትፈልጋለች። የጉዳዩ ልብ ይኸው ነው። ስለ ስብሰባ ጭስ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ተሳታፊው የሚመጣው ዕውቀት ፍለጋ፣ ትውውቅ ፍለጋ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ስብሰባ የደመወዝ ጭማሪ ሆኗል። ሠራተኛዋ ስግብግብ ስለሆነች አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የሚገባትን በቀጥታ ስለማይከፍላት በአስፋልትና በአቧራ አዙሮ ይከፍላታል። ይህን ሳይነኩ «ስብሰባችንን አረንጓዴ እናድርግ» ማለት ከልጅቷ ጉሮሮ ነጥቆ ሰማዩን ማጥራት ነው። እኔ ያን አልደግፍም።

«እንግዲያው» አልኳቸው ቆይቼ፣ «ለምን 1,400 ኪሎ ሜትር ታንከራትቷታላችሁ? ከነዳጁ፣ ከአልጋው፣ ከአዳራሹ የሚተርፈውን ለእሷ አድርጉት።»

«አይቻልም። የነዳጅ በጀት ለደመወዝ አይዛወርም። ኮዱ ሌላ ነው።»

«እንግዲያው ጭሱ የሚወጣው ከመኪናው ሳይሆን ከበጀት ኮዱ ነው!»

«እሱ እውነት ነው» አሉ ጋሼ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ከእኔ ይልቅ የገንዘብ ክፍሉን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ራሳቸው ቀጠሉበት፦ በስክሪን ለተዋለ ሥራ የሚከፈል መደብ የለም፤ የኢንተርኔት ካርድ ወጪ ለማወራረድ ደረሰኙ አይታወቅም፤ ነዳጅ ግን በአንድ ፊርማ ይወጣል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ያልተነካ የጉዞ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን መድረክ ይፈለግለታል። በግንቦትና በሰኔ አዳራሾች የሚሞሉት ለዚህ ነው አሉ። ድርጅቶች የስብሰባቸውን ጭስ መቀነስ ይችላሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እዚህ ላይ ነው። ይችላሉ፤ ከአካባቢ ጥበቃ ክፍሉ ሳይሆን ከሂሳብ ክፍሉ ከጀመሩ።

በመሃሉ ችግኝ ማንሳታቸው አልቀረም። «ደርሰን ስንመለስ 100 ችግኝ እንተክላለን» አሉ። ይተከል። ዓባይ የሚሸከመውን ደለል ለመያዝ ቢሆን ዛሬውኑ ይተከል፤ ጉባ ላይ የተኛው ንጋት ሐይቅ ይፈልገዋል። ግን ጭሱ የዛሬ ነው፤ ችግኙ ከጸደቀ፣ ፍየልና እሳት ካለፈው፣ ሥራውን የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ነው። ያደገ ዛፍ እንኳ በግርድፉ ሲሰላ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ቢይዝ ነው። የአንዷን መኪና የአንድ ጉዞ ጭስ ብቻ ከ20 በላይ ትልልቅ ዛፎች ዓመት ሙሉ ይሠሩበታል።

«በውጭው ዓለምስ የቻለ አለ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አሁን መከራከራቸውን ትተው ነው። የማውቀውን ነገርኳቸው። በአውሮፓውያኑ 2019 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የምድር ሳይንስ ሊቃውንት 28,000 ሆነው ተሰበሰቡ፤ የጉዟቸው ጭስ ብቻ 80,000 ቶን ሆኖ ተሰልቷል። በነፍስ ወከፍ 28 ኩንታል ተኩል ያህል ነው፤ ያውም የምድርን መሞቅ የሚያጠኑት ሰዎች። በ2021 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ጉባኤ ሙሉ በሙሉ ወደ ስክሪን ሲዛወር ጭሱ 94 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው ውጤቱ ነው። ከግማሽ በላይ ሰው በአካል እየተገናኘም፣ ሁሉም ወደ አንድ ከተማ መብረሩ ቀርቶ በየአቅራቢያው በተመረጡ ማዕከላት ቢሰባሰብና ማዕከላቱ በስክሪን ቢገናኙ፣ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል። ሰው ሰውን አላጣም፤ ቡናው አልቀረም።

ይህን ወደዚህ ክልል አምጡት። አሶሳና መተከል አንድ ክልል ናቸው፤ መሃላቸው ግን ዓባይ ነው። የመተከሉ ግልገል በለስ፣ የካማሺው ካማሺ፣ የአሶሳው አሶሳ ላይ ይሰባሰብ፤ ሦስቱ በመስመር ይገናኙ። ከአዲስ አበባም ቢሆን መንገድ አለ። ቢሾፍቱና አዳማ ለመሰብሰብ መኪና የሚደረድር መሥሪያ ቤት ከለቡ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ባቡር በእነዚያው ከተሞች እንደሚያልፍ ረስቶታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል ብዙ ሰው አጉረምርሟል፤ እኔ ደግፌዋለሁ። የግለሰቡን ቤንዚን የከለከለ አገር የስብሰባውን ናፍጣ ሊያልፈው አይገባም።

በአውሮፓውያኑ 2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ይመጣል። ዱባይ ላይ በ2023 የተገኘው ሰው ከ80,000 በላይ ነበር። ይምጣ፤ ደስ ይለኛል። አፍሪካዊው ተደራዳሪ አንድ ጊዜ እንኳ አጭር መንገድ ይሂድ። ግን እንግዳው «እናንተስ እንዴት ትሰበሰባላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ባነርና የሸክላ ጀበና ብቻ እንዳናሳየው እፈራለሁ። የጉባን መብራት ይዘን፣ ጉባኤውን በናፍጣ ከመራነው የምንለው ያጥረናል።

ጋሼ ሒሳብ ከፈሉ። ተነስተው ወደ መኪኖቹ ሄዱና መስኮቱን መታ መታ አደረጉ። ሹፌሩ በርግጎ ነቃ። «አጥፋው ልጄ፤ ና ጥላው ሥር ቡና ጠጣ» አሉት። ሞተሩ ሲቆም ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ያ ሁሉ ድምፅ እንደነበረ ያወቅነው ያኔ ነው። ተመልሰው ሲቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው አዲስ አበባ ደወሉ። ንብረት ክፍል ነው።

«እ… ስማ እስቲ፣ ያ ፕላዝማ… አዎ፣ መጋዘን ያለው… የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»